ገፍቼ ስላስለካሁት አጥር

ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት የእግረኛ መንገድ ሥራ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የሐምሌ ጉም በቢሮዎ መስኮት እንዳይገባብዎ፣ ጫማዎም ጭቃችንን እንዳያውቀው ዘወትር እመኛለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና ስለሆነ፣ ጽሑፌ ቢጣመም እንደ መንገዳችን ቆጥረው ይለፉኝ።

አንደኛ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደጃችን ኮብልስቶን ሊነጠፍልን በመሆኑ አመሰግናለሁ። ባለቤቶች በመንገድ በኩል ባለን የአጥር ርዝመት ልክ እንድንከፍል መወሰንዎም ደግ ነው፤ የተነገረን ከተለካን በኋላ መሆኑ ብቻ እኔን መሰል ሞኝ አጋለጠ።

ሁለተኛ፤ እኔ የጃናሞራ ገበሬ ልጅ ነኝ። በእኛ ዘንድ ለኪ ሲመጣ ድንበር ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይሳብም። ስለዚህ ሠራተኛዎ አቶ ደምለው ሜትር ይዘው ሲመጡ፣ ይዞታዬን ሊያረጋግጡልኝ መስሎኝ ጫፉን ራሴ ያዝሁ። ከአጥሬ አልፌ ቦዩን አስገባሁ፤ ከቦዩም አልፌ የጎረቤቴን የዘይቱናን ባሕር ዛፍ አስገባሁ። እትዬ፣ ይህ እኮ የእኔ ነው ብትለኝ፣ በአባቴ አጥንት ምዬ ረታኋት። አቶ ደምለው ቃል ሳይተነፍሱ ጻፉ። እንዲህ ያለ ትሕትና በመንግሥት ሠራተኛ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፤ የመጣብኝን ክፍያ የምሸፍንባት ያለችኝ ላሜ ብቻ ናት፤ የምተዳደረውም በቅቤዋ ነው። እስከ ነሐሴ መግቢያ ካልከፈልሁ የቤቴ ካርታ እንደማይሰጠኝ ጽፈውልኛል። ደብዳቤውን ያለማንም እርዳታ አንብቤ ለመደንገጥ ስላበቃችኝ የመሠረተ ትምህርት መምህሬን እሌኒን አመሰግናለሁ። ድሮ ቢሆን ለመደንገጥም ሰው እለምን ነበር።

አራተኛ፤ የረታሁትን መሬት ልመልስላት ዘይቱና ቤት ብሄድ፣ በአባትዎ አጥንት የተማለበትን እንዴት እነካለሁ፣ ነውር አይደለም ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር ባለርስቷ እንዴት ዋሉ ትለኛለች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ላሜ ገበያ ሳትወጣ አጥሬ እንደገና እንዲለካልኝ እማጠናለሁ። ሜትሩን አልነካም፤ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ። ስለ መሐላው ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅርታውን አላዘገየም፣ የቀረው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

በወረቀት ሰፊ ባለይዞታ፣ በደጃፏ ግን ጭቃ ለጭቃ የምትዘል፣ ታዛዥዎ
የሺወርቅ ደርቤ
ላይ ሰፈር፣ ሐምሌ 2005 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ልለጥፍ ስመጣ የመሥሪያ ቤትዎን አጥር በእግሬ ዞርሁት። ከእኔ አጥር እጅግ ይረዝማል፤ ፊቱ ጭቃ ነው፤ ከፋይ ግን የለውም አሉኝ። ያጠረዎት ለኪ ከሆነ እኔ አለሁ፤ የሜትር ጫፍ አያያዜን አቶ ደምለው ይመሰክራሉ።