ስለ አክረም በእድሩ ፊት የተናገርኩት

ለምወድዎና ለማከብርዎ፣ አባትም ወንድምም ሆነው ላሳደጉኝ ለጋሼ ከማሉዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ሰላምታዬ ከሱቁ ወጣ ብለው ፀሐይ በሚሞቁበት ሰዓት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ ከክረምቱ ወዲህ ሻል አለው ወይስ አሁንም መስጊድ ሲሄዱ ምርኩዝ ይይዛሉ? የእትዬ ዘምዘም ስኳርስ? መድኃኒቷን ሳትደብቅ ትውጣለች? ልጅዎ ሀይፋስ ለኒካሁ ተዘጋጀች? እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ኢቅራ አላህ ይመስገን በሕይወት አለን። በደህና ነን ብዬ ብጽፍልዎ ግን ግማሹ ውሸት ይሆናል፤ እኔ ሰላም ካጣሁ ቆየሁ።

ያለፈው ጁምዓ የላኩልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። የአክረምን ስም በአደባባይ እንዳጠፋሁ፣ የሀይፋ እጮኛ የሱ ታናሽ ወንድም መሆኑን እንደረሳሁ፣ እድሩ ፊት ቆሜ ይቅርታ ካልጠየቅሁ ኒካሁ ሊፈርስ እንደሚችል ነግረውኛል። በስልክ ያልመለስኩልዎ ወድጄ አይደለም። እርስዎ መልእክት የሚከፍቱት ሱቅ ውስጥ ድምፁን ለቀው ስለሆነ ደሴ ሁሉ ነው የሚሰማኝ። ስለዚህ ለእረፍት በሚመጣው በዮሚፍ እጅ ይህን ጻፍኩ። አንብበው ሲጨርሱ ይፍረዱብኝ፤ እስከዚያ ግን አይቆጡ።

በደርግ ጊዜ እርስዎ ሲታሰሩ ዋስ ሆነው ያስፈቱዎት የአክረም አባት መሆናቸውን አልረሳሁም። ከአራት ዓመት በፊት አክረም ለምክር ቤት ሲወዳደር መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ የተነሣሁለትም አንዱ በዚያ ምክንያት ነው። የምንኖረው ከሴንት ፖል ጫፍ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፤ ስሟን ባልጽፈው ይሻላል፣ ወረቀቱ በስንት እጅ እንደሚያልፍ አላውቅም። ምክር ቤቷ ሰባት ሰው ነው። በረዶው መቼ እንደሚጠረግ፣ የትኛው ሕንፃ እንዲከራይ እንደሚፈቀድለት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከኛ ወገን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እድራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ኦላና ስብሰባ ጠሩና ሦስት ሽማግሌዎች አክረምን እንዲያጣሩት ተመረጡ። ሲያጣሩት ታዲያ የአንዳችንን ልጅ ሊያገባ የመጣ ነበር የሚመስለው። የማን ልጅ ነው፣ ይጠጣል ወይ፣ እናቱን ይጦራል ወይ፣ የመጀመሪያ ሚስቱን ለምን ፈታ ተባለ። ደሴ ድረስ ተደውሎ እርስዎም ጥሩ አድርገው መስክረውለታል። ስለ ተከራይና አከራይ ምን ያስባል፣ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ማንን ያማክራል ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ዘሩ ታወቀ፣ ጠባዩ ታወቀ፣ ዱዓ ተደረገለት፣ ቄሱም መረቁት፣ በቃ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኔ ሆነ። ምላሴ እንደማያርፍ እርስዎ ያውቃሉ። የሕንፃችንን አራቱንም ፎቅ በር በሩን አንኳኳሁ፣ ማንበብ ለማይችል አነበብኩ፣ የምርጫው ቀን አረጋውያኑን በመኪናዬ ሳመላልስ ዋልኩ። ከነሱ አንዷ እማማ ጽጌሬዳ ነበሩ። ማንን ልምረጥ ልጄ ሲሉኝ አክረምን አልኳቸው፤ አንቺ ካልሽ ብለው መረጡት። አክረም ያሸነፈው በአርባ ድምፅ ገደማ ብልጫ ነው። ከሕንፃችን የወጣው ድምፅ ከዚያ ይበልጣል።

እማማን አያውቋቸውም። የጉለሌ ሰው ናቸው፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የኔ ሥራ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መርዳት ስለሆነ አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሰውነታቸውን የማጥበውና የማለብሳቸው እኔ ነበርኩ። የሻሼን ቀለም ሳይተቹ አይውሉም፤ ጥቁር ካሰርኩ ማን ሞተብሽ ይሉኛል። ኩላሊታቸው ሥራ ስላቆመ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ያ እጥበት ከቀረ ሰው ይሞታል፣ ሌላ መላ የለውም።

አምና መስከረም ላይ የሕንፃው ሊፍት ቆመ። ለባለቤቱ ደወልን፣ ጻፍን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እማማን በወንበር ላይ እያስቀመጥን፣ ጎረቤት ወንዶች ከታች እኔ ከላይ ሆኜ፣ አራቱን ፎቅ ማውረድና ማውጣት ጀመርን። መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ኅዳርን እንዲሁ ገፋን። ይህ የሥራ አገር ነው፤ አንዱ ሌሊት ገብቶ ጠዋት ይተኛል፣ አንዱ ታክሲ ይዞ ይወጣል፣ ሰው እየሳሳ ሄደ። የካቲት ላይ ሰኞም ረቡዕም የሚያወርዳቸው ሰው አጣን። አርብ ሁለት ወንዶች ለምኜ አመጣሁ። ያኔ ደግሞ እሳቸው እምቢ አሉ። ሰው ማስቸገር ታከተኝ፣ ሰኞ እሄዳለሁ አሉኝ። መለመኑን ለመንኩ፣ አላስገደድኳቸውም። ቅዳሜ ጠዋት በቁልፌ ከፍቼ ስገባ አልጋቸው ላይ ሞተው አገኘኋቸው።

ከቀብራቸው በኋላ ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ይህ ሕንፃ የሚመለከተው ሰው የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤም ቪዲዮም ለማንም ክፍት መሆኑን ነገረችኝና የት እንደማገኘው ጻፈችልኝ። ማታ ከኢቅራ ጋር ተቀመጥን። እኔ በአማርኛ ስናገር በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ያን ዕለት አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ በተሰባበረ አማርኛዋ ልታስረዳኝ ስትታገል አመሸች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አምና ኅዳር ላይ የሕንፃችን የኪራይ ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ስሟን እንኳ ሰምተን የማናውቅ አንዲት ነጭ ሴት፣ ሊፍቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተሠራ ፈቃዱ አይታደስ ብላ ሐሳብ አቀረበች። ሦስት ደገፉ፣ ሦስት ተቃወሙ፣ የአክረም ድምፅ ብቻ ቀረ። ማይኩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና በዚያ ሕንፃ የሚኖሩት የኔ ሰዎች ናቸው፣ ራሴ አነጋግሬያቸዋለሁ፣ ይህ ነው የሚባል ቅሬታ የላቸውም አለ። ከዚያ ተቃወመ። ፈቃዱም ያለ አንዳች ግዴታ ታደሰ።

ኢቅራን የቀሩትንም ዓመታት አስነበብኳት፤ ብዙ ምሽት ፈጀብን። ከስብሰባዎቹ ሲሶ ያህሉ ላይ አልተገኘም። በተገኘባቸውም የቤት ጉዳይ ሲነሣ ጥያቄ የጠየቀበት አንድ ቀን አላገኘንም። ጉቦ በልቷል አልልዎትም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። ያየሁት፣ ፊቱ ያለውን ወረቀት ሳይገልጥ እጁን የሚያወጣ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ለማንም ቢሆን ለመናገር የሚያሳፍረኝን ልጻፍልዎ። ማንን ነው ያነጋገረው እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ከሕንፃችን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ እኔን አላነጋገረኝም አለ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ትዝ አለኝ። ያነጋገረው እኔን ነው። ያ ጉባኤ ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው ሌክ ስትሪት የሚባል መንገድ ላይ የሰርግ ምሳ ተጠርተን ተገናኘን። ስለ እርስዎ ጠየቀኝ፣ ስለ ኢቅራ ጠየቀኝ፣ ቀጥሎ ሕንፃው እንዴት ነው አለኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አይልም፣ ሊፍቷ ብቻ ትንሽ ታስቸግረናለች፣ አንተ አትጨነቅ አልኩት። ሰው ምሳ እየበላ እሮሮ ማሰማት ነውር መስሎኝ ነው። ከሁለት ቀን በፊት እማማን አውርጄ ትከሻዬን በዘይት ሳሽ ያደርኩ ሴትዮ ነኝ እንዲህ ያልኩት።

ዘንድሮ መስከረም ማለቂያ ላይ አቶ ኦላና ለአዲሱ ምርጫ ስብሰባ ጠሩ። እንደ በፊቱ ስለ አክረም እንድናገር ስሜ ተጠራ። ተነሣሁ። የእማማን ነገር፣ የድምፁን ነገር፣ ከወንበሩ የቀረባቸውን ቀኖች ሁሉ ከነቀናቸው ከወረቀት ላይ አነበብኩ። በሰርጉ ምሳ የተናገርኩትንም አልደበቅሁም። አክረም አልተቆጣም። ከድሪያ እኅቴ ናት፣ እኔ ጠይቄያት ደህና ነው ብላኛለች፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ አለ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ስለ ሊፍቱ ነግሬህ ነበር ስለው፣ ትንሽ ያስቸግራል አላልሽም ወይ አለኝ። ብያለሁ አልኩ። አቶ ኦላና የቤት ገመና በውጭ ሰው ቪዲዮ አይዳኝም ብለው ነገሩን ዘጉት። ከኋላ አንዲት ሴት በራሷ ጥፋት ሰው ትከሳለች ስትል ሰማሁ። በሳምንቱ ከሴቶች ኮሚቴ ስሜ ወጣ።

የምርጫው ቀን አረጋውያኑን ያመላለሰው ሌላ መኪና ነው። ከመስኮት ሆኜ ሲሳፈሩ አየኋቸው። ግማሾቹ ልብስ የማለብሳቸው ናቸው፣ ቀና ብለው አላዩኝም። አክረም ከበፊቱ በእጥፍ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈ።

ጋሼ፣ ይቅርታ ጠይቂ ብለውኛል። ጠይቄያለሁ፣ ግን አክረምን አይደለም። የእማማ ልጅ ቤዛዊት ከኛ ጥቂት መንገድ ራቅ ብላ ነው የምትኖረው፤ ሁለት ሥራ እየሠራች፣ ባላት ጊዜ ሁሉ እናቷን አብራን ስታወርድ የከረመች ልጅ ናት። የእድሩ ስብሰባ ዕለት ሥራ ገብታ ስለነበር አልሰማችኝም። ሰው ሳይነግራት ልንገራት ብዬ ከምርጫው ማግስት ቤቷ ሄድኩ። ቪዲዮውን አሳየኋት። በሰርጉ ምሳ ያልኩትን ሳልቀንስ ነገርኳት። እናትሽን የገደለው የሱ እጅና የኔ ምላስ ነው አልኳት። እሷ ትንሽ አለቀሰች፣ እጄን ይዛም አንቺን ምንም አልልሽም አለችኝ። ቀጥላ አክረምን እንደመረጠችው ነገረችኝ። የእናቴን ሳጥን ከፊት ሆኖ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፣ በዚያ ብርድ አፈር እስኪለብሱ ቆሞልኛል፣ ሌላ ሰው ልመርጥ እጄ አልታዘዘኝም አለች።

ለአባቱ ይህንኑ ይንገሩልኝ። የልጃቸው ስም አልጠፋም፣ የሟቿ ልጅ እንኳ መርጣዋለች። ኒካሁ በኔ ምክንያት ከፈረሰ ሀይፋን ራሷን እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናታለሁ፣ እሷ ምንም አላጠፋችም። የተናገርኩትን ግን አላነሣም። ሳጥኑን ስድስት ሆነው በአንድ ጊዜ ነው ያነሡት፤ እማማን በሕይወት ሳሉ ለማውረድ ግን ሦስት ሰው መሙላት አቅቶናል።

የእትዬ ዘምዘምን ጉንጭ ይሳሙልኝ። ሀይፋን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ፤ ደብዳቤውን ታንብበው፣ አይደብቋት። ለታናናሾቿ ለሚካኢልና ለኢዩ ናፍቆቴን ያድርሱልኝ። ለአክረም አባትም በአክብሮት ሰላም ይበሉልኝ። ባለቤቴ እጅ ይነሣል፣ ኢቅራም በራሷ እጅ አጎቴ እወድዎታለሁ ብላ ከታች ጽፋለች፣ ፊደሏን አይተው አይሳቁባት።

ታናሽ እኅትዎ ከድሪያ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.