«ፔና ያዘኝ»

አንቶፋጋስታ፣ ማክሰኞ ኦገስት 13 ቀን 2019

ከዝናቡ ጋር ስትጨቃጨቂ ለምትውዪው እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያሰጣሽው ልብስ ደረቀልሽ? እዚህ በረሃ ዳር ባለ ወደብ ሰማዩ ዝናብ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያጠብኩት አንሶላ ዞር ሳልል ይደርቃል፣ ያኔ አንቺ ትዝ ትዪኛለሽ። ዛሬ ማክሰኞ አሥራ ሦስት ነው፣ «አታግቡ፣ አትሳፈሩ» የምትዪበት ክፉ ቀን። ደብዳቤ መጻፍ ግን አልተከለከለም ብዬ ተቀመጥኩ። የምጽፍልሽም ስለ ማግባት ነው። እሑድ በስልክ ዋልዶ የሚባል ሰው ላገባ ነው አልኩሽና ወሬው ሳያልቅ ተቋረጠ። ያላንቺ ምርቃት ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ስሚኝና እንደ ልብሽ ፍረጂ።

የምግብ ቤቱን ባለቤት እትዬ ኖልፋን ታውቂያታለሽ፤ አንድ ጊዜ ስልኬን ነጥቃ «ልጅሽ እየበላች ነው፣ አታስቢ» ያለችሽ ናት። ያልነገርኩሽ፣ ይህቺ ሴት ከመጣሁ ጀምሮ በአነጋገሬ ስትስቅብኝ መኖሯን ነው። ቋንቋችን አንድ ቢሆንም የቃሉ ትርጉም ከአገር አገር ይለያያል። በመጀመሪያው ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ለቁርስ ገብተው የሚጠጣ ምን አለ ሲሉኝ፣ እንደ አገሬ «ትኩስ ቲንቶ አለ» አልኩ። ጥቁር ቡና ማለቴ ነበር፤ ለእነሱ ግን ቲንቶ ቀይ ወይን ነው። ገና ሳይነጋ ወይን የሚያሞቅ ቤት በማግኘታቸው አጨበጨቡ፤ ስሜም ቲንቶ ሆኖ ቀረ። እኔ ለጥቁረቴ የወጣልኝ መስሎኝ አንጀቴ አረረ። እትዬ ኖልፋ ፊቴን አይታ፣ «ለወይኑ ነው ልጄ። በመልክሽ የሚናገር ካለ በዚህ ጭልፋ ነው የምለው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህማ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ድግስ ሆነ። አቮካዶውም ቦሎቄውም እዚህ ሌላ ስም አላቸው። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ፊቷ እያበራ «ጓጓዬ እኮ ስድስት ኪሎ ሞላ» አለችኝ። እኔ የማውቀው ጓጓ አጎቴ በወጥመድ ይዞት የሚመጣው የጫካ አውሬ ነው፤ ደስ ብሎኝ «በኮኮናት ነው የምትሠሩት ወይስ ጭስ ላይ ታደርቁታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። ለካ እዚህ ጓጓ የሚሉት ሕፃን ልጅን ነው። እናትየዋ ልጇን ታቅፋ ወጣች፣ እትዬ ኖልፋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ለገባ ለወጣው ሁሉ ታወራዋለች፣ እስከ ዛሬም አልሰለቻትም። እውነቴን ነው እማዬ፣ አንዳንድ ቀን እንደ ዲዳ በጣቴ እየጠቆምኩ እውል ነበር።

ዋልዶ ብቻ አይስቅም ነበር። ከባሕር ሥር የሚበላ ዛጎል የሚያወጣ ጠላቂ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ያመጣውን አስረክቦ ጥግ ላይ ይቀመጥና፣ ይሄን እናንተ ምን ትሉታላችሁ እያለ ይጠይቀኛል፤ ስነግረው ቀስ ብሎ ይደግመዋል። አንድ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እናቱ እሑድ ምሳ እንደጠራችኝ ነገረኝ። ደስታዬን የምደብቅበት ጠፋኝና «ውይ፣ ፔና ያዘኝ» አልኩ።

እኛ እንደምንለው፣ አፈርኩ፣ ይሉኝታ ያዘኝ ማለቴ ነበር። በመጀመሪያው ጥሪ እሺ የምትል ሴት የለችም፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። ትንሽ ይለምነኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ «ይቅርታ» ብሎ ወጣ። በማግስቱም አልመጣም፤ ቆይቶ ዛጎሉን ለሌላ ምግብ ቤት መስጠት ጀመረ ሲባል ሰማሁ። የሰው አገር ሴት በመጋበዙ ቆጭቶታል ብዬ ደመደምኩ። ሽንኩርት በማያስፈልግበት ቀን ሽንኩርት እየላጥኩ አለቀስኩ።

እትዬ ኖልፋ ቢላውን ተቀበለችኝ።

«ለሰውየው በትክክል ምንድን ነው ያልሽው?»

«ፔና ያዘኝ ብቻ ነው ያልኩት።»

ይስቅብኛል ያልኩት አፍ አልሳቀም። «አንቺ ፔና ስትዪ ማፈርሽ ነው አይደል? ሽርጥ የገዛሁልሽ ቀንም እንደሱ ነበር ያልሽኝ» አለች። «እኛ ዘንድ እኮ ፔና ሐዘን ነው። ሚስቱን የቀበረ ሰው እናቴ ቤት ነይ ሲልሽ፣ አሳዘንከኝ ያልሽው ነው የመሰለው!»

ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ ጀልባዎቹ ሄደች። እዚያ የተሳደበችውን አልነግርሽም፣ ደብዳቤውን ጮክ ብላ የምታነብልሽ አክስቴ ናት። ከቀትር በኋላ ዋልዶ ፀጉሩ እንደ ረጠበ በሩ ላይ ቆመ።

«የትኛው ፔና ነበር?» አለኝ።

«የእኔ አገሩ፣ ማፈሩ» አልኩት።

«እሱንማ ካልሽ እኔንም ይዞኛል።»

እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት እግዚአብሔርን ሳመሰግን የእትዬ ኖልፋን ሳቅ ጨምሬ ነው። በአፌ ስትቀልድ የኖረችው ሴት ከአፌ የወጣውን አንድም አልጣለችም። ሌላው ሰው በጨዋነት እየሰማ ይረሳኝ ነበር፤ እሷ እየሳቀች ያዘችኝ። እናት ሆነችኝ ብል እንዳትቀየሚኝ።

አሁን እሑድ ወዳቋረጥነው ልምጣ። ዋልዶ አጠገቤ ነበር፤ ሰላም ሊልሽ ሸሚዝ ቀይሮ ነው የጠበቀው፣ በስልክ እንደማይታይ እየነገርኩት። ለማግባት እንዳሰብን ነገርኩሽ። ቀጥሎ እሱን አናግሪው ስልሽ፣ «ፔና ያዘኝ ልጄ» አልሽና ስልኩን ለአክስቴ ሰጠሽ፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

ምን አለች ሲለኝ «አፍራ ነው» አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ከአንቺ አፍ የማውቀው እሱን ነውና። ግን እማዬ፣ ጆሮዬ እንደዚህ አገር ሰው ነው የሰማው። ሐዘን ያልሽኝ ነው የመሰለኝ።

አፍረሽ ከሆነ አይዞሽ፣ ሰውየው ካንቺ ይብሳል። ሌላኛው ከሆነ ግን አትደብቂኝ፣ እኔንም እሱ ነው የያዘኝ። ትመለሳለች ብለሽ እያጠብሽ የምታስቀምጪልኝን ቀሚሶች ለአክስቴ ልጅ ስጪያት፤ እርጥበቱ ይበላቸዋል።

እመቤታችን ጉልበትሽን ታጽናልኝ፣ ለልብስሽም ፀሐይ ታውጣልሽ። ምርቃትሽን በፈለግሽው ፔና ላኪልኝ፤ ሁለቱንም እሰማለሁ።

ልጅሽ ኒልሳ