የኋላው በር ጓጉንቸር

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሰባ አምስት የሚሉም አሉ፤ እነሱ አልወለዱኝም። የውሃውን ጀሪካን ይዤ ሁለተኛ ፎቅ እወጣለሁ፣ መታጠፊያው ላይ አላርፍም። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ፣ በመጀመሪያው ባይሆን በሁለተኛው። አምፖል ሲቃጠል ተሽከርካሪው ወንበር ላይ ቆሜ እቀይራለሁ። ወንበሩ ሲዞር አብሮ መዞር ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ቢሮውን ጠዋት የምከፍት፣ ማታ የምዘጋ እኔ ነኝ።

ፊደልም አልጠፋኝም። ባለቤቴ ናት ያስቆጠረችኝ፣ ነፍሷን ይማር። ልብስ ሰፊ ነበረች። ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔ ሀ ሁ እየጻፈች... ስትሞት ትቼው ነበር። አሁን ልጽፍ ነው። ምክንያት አለኝ።

ዛሬ አንዲት ሴት መጣች። ልጅ እግር። መነጽሯ የፊቷን እኩሌታ ወስዶታል። ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና "የሥራ ቦታ ደህንነት ባለሙያ ናት፣ ለጊዜው አብራን ትሠራለች" አለ። ደህንነት? ማን ምን ሆነ? እኔ ባለሁበት ዘመን እዚህ ቢሮ ወረቀት ጣቱን ከቆረጠው ሰው ሌላ የደማ የለም።

ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስታይ ዋለች። ሶኬት ፎቶ። ደረጃ ፎቶ። ኮሪደር ላይ የተከመረው ካርቶን ፎቶ። እኔም ወንበሩ ላይ ቆሜ አምፖል ስፈታ... ፎቶ።

"አባባ፣ ይውረዱ እባክዎ። ካልሆነም እኔ ልያዝልዎት።"

"ተይዤ አላውቅም" አልኳት።

ፎቶዬን ምን ልታደርገው ነው? ሰው ሊያባርሩ ሲያስቡ መጀመሪያ ማስረጃ ይሰበስባሉ። እሷ ፎቶ ታንሳ። እኔ እጽፋለሁ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

መነጽሯ (ስሟን አልጠየቅኩም) የኋላውን በር አገኘችው። ከጸሐፊዋ ክፍል ወደ ብረቱ ደረጃ የሚያወጣውን። ሌባ ኮምፒውተር ይዞበት ከሄደ ወዲህ ከውጭ ጓጉንቸር አስገብቼበታለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ በባለቤቴ የስፌት ሜትር ቁራጭ ታስሮ።

"ይሄ እኮ የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው፣ አባባ። እሳት ቢነሳስ?"

"ሌባ ቢነሳስ?"

ሒሳብ ሹሙ ከወንበሩ ሆኖ ሳቀ። "በከንቱ አትድከሚ። አባ ቁልፍን ከነቁልፉ ነው የምንቀብረው።"

ይሄ ሰውዬ አፉ አያርፍም። አፍንጫውን እየጠራረገ፣ እየሳለ፣ በሰው ይቀልዳል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እሱ ሁለቱም ደርሶበታል።

ቁልፉን ይስጡኝ አለች። አልሰጠሁም። ለማን ልታስረክበው ነው?

ቀጥላ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ገመድ አየች። ጸሐፊዋ ክፍል ያለው ሶኬት ከሞተ ቆይቷል፣ ከኮሪደሩ በማከፋፈያ ገመድ የሳብኩላት እኔ ነኝ። "ሰው ይጠልፋል፣ ይነሳ" አለች። "ማሞቂያም በእንዲህ ያለ ገመድ አይሰካም። ገመዱ አይችለውም።"

ማሞቂያ ማን አለ? ማሞቂያውን እንኳ አላየችም፣ ጠረጴዛው ሥር ነው። ማን ነገራት?

ማሞቂያው የባለቤቴ ነው። በመጨረሻው ሕመሟ እግሯን ስናሞቅበት የነበረው። ጸሐፊዋ ነፍሰ ጡር ናት፣ ክፍሏ ፀሐይ አያውቀውም። "ጋሼ፣ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ" ያለችኝ ዕለት ከቤት አመጣሁላት። ታዲያ አሁን ላንሳባት? ለፎቶ ብዬ?

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ገመዱን አነሳሁት። ማለት... ከዓይን አነሳሁት። ዕቃ ቤት የተጣለ ምንጣፍ ነበር። አራግፌ ከኮሪደሩ ሶኬት እስከ ጸሐፊዋ ደጃፍ በገመዱ ላይ አለበስኩት። እንዳይንሸራተት ጫፍ ጫፉን በትንንሽ ሚስማር መታሁት። ንጉሥ ቢሄድበት አይጠልፈውም።

መነጽሯ ከሰዓት መጣች።

"ገመዱስ አባባ?"

"ይታይሻል?"

"አይታየኝም።"

"በቃ።"

የካቲት 10፣ ሰኞ

ኮሪደሩ የሆነ ነገር ይሸታል። የተቃጠለ። ቀለል ያለ፣ መጣ ሄድ የሚል። ሲጋራ ነው። ደብቆ የሚያጨስ ሰው አለ።

ማን? ሥራ አስኪያጁ ትቷል። ጸሐፊዋ አይሆንም። እንዲያ ሲስል የሚውለው ማን ነው?

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ሒሳብ ሹሙን ቀጥ ብዬ ጠየቅሁት።

"ይሄ ሽታ አይሸትህም?"

"እኔን? አፍንጫዬ ከተዘጋ ስንት ጊዜው። ሽቶ ብትደፋብኝም አይሸተኝም።"

እንዴት ያለች ማምለጫ ናት። የሚያጨስ ሰው ይሸተኛል ሊል ነው እንዴ?

ዘዴው ገባኝ። ሲጋራው እሳት ያስነሳል። ማነው የቢሮው ጠባቂ? እኔ። በማን ይላከካል? በኔ። ከመነጽሯ ጋር ምሳ ሲበሉ አይቻለሁ። ሲሳሳቁም ነበር።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ሥልጠና ተብሎ ተቀመጥን። መብራት ከየት እንደሚቆረጥ አሳየች። የእሳት ማጥፊያው ሲሊንደር የት እንደተሰቀለ፣ ፒኑ እንዴት እንደሚነቀል። ሲሊንደሩ ላይ ኮት የሚሰቅል እንዳለ ታውቃለች። ኮቱ የኔ ነው። አሁን አንስቼዋለሁ።

"ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ዝቅ ብሎ በጉልበት መውጣት ነው" ብላ መሬት ወርዳ አሳየች። ሒሳብ ሹሙ ዳዴ አለ፣ ሁሉም ሳቀ። እኔ አልተነሳሁም። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን?

ከሁሉ የከፋው ግን ከሰዓት ነው። ልጄ የረሳሁትን መድኃኒት ይዛ መጣች። ደረጃው ላይ ከመነጽሯ ጋር ቆመው ሲንሾካሾኩ ደረስኩ።

"ምን ተባባላችሁ?"

"ምንም አባዬ። የጫማህን ቁጥር ጠየቀችኝ።"

"የጫማዬን ቁጥር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ነገርኳት።" ቀጥላ ደግሞ የተለመደውን። "አባዬ፣ አይበቃህም? ቤት አለህ እኮ። ልጆቹም ይፈልጉሃል።"

ገባኝ። ጡረታ ሲያስወጡ ስጦታ ይሰጣሉ። የቀድሞውን ሾፌር በሰዓት ሸኙት። እኔን በጫማ ሊሸኙኝ ነው። ልጄ አብራ ዶልታለች። የገዛ ልጄ...

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። "ሒሳብ ሹሙ ኮሪደር ላይ ያጨሳል።" እጠይቀዋለሁ አለ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ዛሬ ምንም ሽታ የለም። ጸሐፊዋ ሐኪም ቤት ሄዳ ክፍሏ ተዘግቶ ዋለ። ሒሳብ ሹሙም ተጠርቶ ነበር፣ ፊቱ ቀልቷል። ተጠየቀ፣ ሽታው ጠፋ። ሌላ ምን ምስክር ያሻል?

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ እታች በር ላይ ነበርኩ፣ የወረቀት ካርቶን እየተቀበልኩ። ከላይ ሰው ጮኸ። ቀና ስል ከኮሪደሩ መስኮት ጭስ ይወጣል። የሲጋራ አይደለም። ጥቁር።

በፊት ለፊቱ ደረጃ ወጣሁ። ኮሪደሩ አይታይም። የምንጣፉ ጫፍ፣ ሶኬቱ አጠገብ፣ ይነዳል። ያ የመታሁት ምንጣፍ። እሳቱ ከላዩ አልወጣም። ከሥሩ ነው የመጣው። ቆሜ አየሁት... ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሲጋራ ምናምን የለም።

ጸሐፊዋ ከእሳቱ ወዲያ ናት። ከውስጥ የሒሳብ ሹሙ ድምፅ፦

"አባ ቁልፍ! በሩን!"

ወረድኩ። በግቢው ዞርኩ። የብረቱን ደረጃ ያዝኩ። መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። ብረቱን ታቅፌ አረፍኩ። ከላይ በሩ ይደበደባል፣ እኔ አርፋለሁ።

ደረስኩ። ቁልፉ ቀዳዳውን እምቢ አለ። መርፌ ላይ ክር የማስገባው ሰውዬ... በሁለተኛውም አልገባ። ሜትሩን ከአንገቴ በጠስኩት፣ በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ገባ።

በሩ ሲከፈት ጸሐፊዋ በላዬ ላይ ወደቀች። የራሷ ነጠላ ረጥቦ አፏ ላይ ታስሯል። ከኋላዋ ሒሳብ ሹሙ። ጉልበቱ ጥቁር፣ መዳፉ ጥቁር። ጭሱን ሲያይ ከራሱ ክፍል በጉልበቱ ዳዴ ብሎ ነው እሷ ጋ የደረሰው። መውጫ አለ ብሎ። መነጽሯ ደግሞ በወዲያኛው በኩል መብራቱን ቆርጣ በሲሊንደሩ አጥፍታዋለች።

ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። ጸሐፊዋ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። "ይራገጣል ጋሼ" አለችኝ። "ይራገጣል።" ሐኪሞቹም ኋላ ደህና ነው ብለዋል።

ሒሳብ ሹሙ ስሎ ስሎ ሲያበቃ ዞረብኝ።

"በል እንግዲህ አባ ቁልፍ። ይሄንንም ጭስ እኔ ነኝ ያጨስኩት በል።"

ውሃ ቀድቼ አቀበልኩት።

ዛሬ መነጽሯ የተረፈውን ምንጣፍ ገለጠችው። ገመዱ ቀልጦ ከጣውላው ተጣብቋል። አንደኛው ሚስማር ገመዱን ወግቶታል። ነቅላ አየችው። ከዚያ መጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

"ሹል ነው አባባ። እግር እንዳይወጋ።"

ታውቃለች? ካወቀች ለምን አትናገርም? ምን እየጠበቀች ነው?

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ የተቃጠለውን ማሞቂያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። "የማን ነው?"

ጸሐፊዋ አቀረቀረች። እኔን አላየችም። አንዴ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም።

"ክፍልሽ ውስጥ ነው የተገኘው። ተከልክሎ ሳለ። በጽሑፍ ትመልሻለሽ።"

"እሺ" አለች።

እኔስ? የሟች ባለቤቴ ማሞቂያ ነው ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል? ሰው በሐሰት ለመክሰስ ግን አፌ አልተያዘም ነበር።

ሲያልቅ መነጽሯ ሁለት ዕቃ አምጥታ ፊቴ አቆመች። አንድ መሰላል፣ አራት እግር ያለው። አንድ ካርቶን፣ ጫማ። ሶሉ ወፍራም ጎማ። "ወለሉ ሲወለወል እንዳያንሸራትትዎ ነው። በመጣሁ ሰሞን ነበር ያዘዝኩት፣ አሁን ገና ደረሰ።"

የመሸኛ አልነበረም። የሥራ ነው።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔው ነቅዟል።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ጸሐፊዋ መልሷን ስትጽፍ ዋለች። እየጻፈች ትቀድዳለች። ውሃ ይዤላት ገባሁ።

"ልጄ፣ ለምን አትናገሪም?"

"ምኑን ጋሼ?"

"ታውቂያለሽ።"

"እግሬ በርዶት አመጡልኝ። እሱን ነው የማውቀው።"

ውሃውን አስቀምጬ ወጣሁ። ሰኞ ታስረክበዋለች።

የካቲት 23፣ እሑድ

ልጄ ቤት ነበርኩ። ምሳ ላይ ነገርኳት፣ ከሰው ከመስማቷ በፊት። ምንጣፉን፣ ሚስማሩን፣ በሩን። አሁን ሥራውን ተወው ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ሳህኔ ላይ ጨመረችልኝና "ነገ ምን ትላለህ?" አለች። አብሬህ ልሂድ ስትል ግን እምቢ አልኩ። የኔ ዕዳ ነው። እግር አለኝ።

ለልጄ ያለብኝ ዕዳ ተከፈለ። የቀረው ይሄ ነው። ራሴ የምከፍለው፣ በሰው የማልልከው፦

ለጸሐፊዋ። ጠዋት ወረቀቷን ሳታስገባ ቀድሜ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ እገባለሁ። ማሞቂያው የኔ፣ ምንጣፉ የኔ፣ ሚስማሩ የኔ። ካሰናበቱኝ ተሰናበትኩ። ነጠላዋንም ወስጄ አጥቤያለሁ፣ ጥላሸቱ ጫፉ ላይ አለቅም ብሏል። ደግሜ አጥበዋለሁ።

ለሒሳብ ሹሙ። ሲጋራ ያጨሳል ያልኩት ሥራ አስኪያጁ ፊት ነው። የምመልሰውም እዚያው ፊት ነው፣ እሱ ቆሞ እየሰማ። ይቀልድብኛል። ይቀልድ። ለቅሶዬ ላይም ቀልድ አለው፣ ያውቅበታል።

ለበሩ። ጓጉንቸሩን ዓርብ ፈትቼዋለሁ። መነጽሯ ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት መወርወሪያ አስገብታበታለች፣ ከውጭ ግን ሌባ አይከፍተውም። ሞከርኩት። በትከሻዬም ገፋሁት፣ እውነቷን ነው። ቁልፉ የሚከፍተው የለም፣ ግን ነገ እንደ ደንቡ አስረክባለሁ። ሜትሩን ብቻ አስቀራለሁ፣ እሱ የባለቤቴ ነው።

ለመነጽሯ። የኮሪደሩ አምፖል በጭሱ ጠፍቷል፣ ሌላ ሰው አልነካውም፣ እኔን ይጠብቃል። ስሟን እጠይቃታለሁ። ጫማውን አደርጋለሁ። መሰላሉን እተክላለሁ። ካላባረሩኝ። ቢያባርሩኝም ከመሄዴ በፊት።

ከዚያ "ያዢልኝ" እላታለሁ።