ንብ የሰፈረባት ላንድሮቨራችን

ይርጋዬ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለያየን ይኸው ሦስት ክረምት አለፈ፤ አራተኛውም ከሶር ወንዝ ማዶ ደመናውን አንጠልጥሎ እየመጣ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩህ ወሬ አጥቼ አይደለም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እንባዬ ስለሚቀድመኝ ነው፤ አንተ ደግሞ ልቅሶ እንደማትወድ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ደስ የሚል ወሬ ይዣለሁ። ላንድሮቨርህ ተነስታለች። የምነዳትም እኔው ነኝ። እንዳትደነግጥ፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ።

ሕመሙ ሲብስብህ ከጓሯችን ዋንዛ ሥር አቁመሃት፣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጠህ ነበር ወደ ቤት የገባኸው። ከቀብርህ በኋላ ማንም አልነካትም። መጀመሪያ ጎማዎቿ ተነፈሱ፤ ቀጥሎ ሐረግ ጣራዋ ላይ ወጣ። በዓመቱ ጥቅምት ላይ ደግሞ ከጫካ የመጣ የንብ መንጋ በተሰበረው የኋላ መስታወት ገብቶ ከወንበሩ ሥር ሰፈረ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ይህን ስታይ እልል አለች። ወዶ የመጣ ንብ ገድ ነው፣ ማንም እንዳይነካው ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔም በዚያ ሐዘን ላይ ንብ የማባርርበት አቅም አልነበረኝም፤ ተውኳቸው።

እነሱ ናቸው መኪናህን ያተረፉልህ። መቱ ውስጥ የቆመ መኪና ምን እንደሚደርስበት ታውቃለህ፤ ዛሬ ባትሪው፣ ነገ ጎማው፣ ከነገ ወዲያ መሪው ሳይቀር ይሄዳል። የኛን የደፈረ የለም። አንድ ጀግና ባትሪዋን ሊፈታ ሞክሮ፣ ፊቱ እንደ ዱባ አብጦ በገበያ መሃል ሲያልፍ ታየ። ስሙን አልጽፍልህም እንጂ በደንብ ታውቀዋለህ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በሩቁ ነበር የሚያልፋት።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ንዳ ከአገር ቤት መጡ። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቃለህ፤ ያሰቡት ሁሉ ላንተ ካላቸው ፍቅር ነው። ጥቂት ቀን ሱቁንም ልጆቹንም ሲያዩ ከረሙና አስቀመጡኝ። ሱቅ በአንዲት ሴት እጅ አይገፋም፣ መኪናዋን የጅማ ሰው ለመለዋወጫ ይፈልጋታል፣ ሁሉንም ሸጠን ልጆቹን ይዘሽ አገርሽ ግቢ አሉኝ። ልጆቹ የተወለዱት እዚህ ነው፤ እርስ በርስ ሲጣሉ እንኳ በኦሮምኛ ነው የሚጣሉት። አንተም ያለኸው እዚህ ነው። መቃብርህን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው?

መኪናዋ ትሠራለች፣ በገበያ ቀን ሁሩሙ በሌላው ቀን ጎሬ ሰው እየጫንኩ ልጆቼን አሳድጋለሁ አልኳቸው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ጋሼ ንዳ ሳቁ። የንብ ቀፎ ነው የምትነጂው? አሉኝ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ቃል ገቡልኝ። ክረምቱ ሳይገባ እኔው ነድቼ ጎሬ ካወጣኋቸው እዚሁ እንድቀር፣ ካልሆነልኝ ግን ያለ ክርክር እንድከተላቸው። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

መጀመሪያ ከሁሩሙ ኦቦ ተርፋሳን አስመጣሁ፤ ያ ማር ያመጡልህ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። አመሻሽ ላይ ጭሱን እፍ እያሉ፣ ንቦቹን እንደ ልጅ በኦሮምኛ እያባበሉ፣ አውራዋን ፈልገው አዲስ ቀፎ ውስጥ አስገቧት። ሌሎቹም ተግተልትለው ተከተሏት። ቀፎውን እዚያው ዋንዛው ላይ ሰቀሉት፤ አዴ ጫልቱም ገዱ ከግቢ ስላልወጣ ደስ አላት። ማሩን ተካፈልን፤ ልጆቹ አንድ ሳምንት ሙሉ እጃቸው እየተጣበቀ ነው የከረሙት።

ከዚያ የጎሬው መካኒክህ ከድር መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ አልሐምዱሊላህ፣ አንዲት ብሎን አልጎደለችም አለ። ያም ሆኖ ንቦቹ እስከ ሞተሩ ዘልቀው የአየር መሳቢያውን በሰም ደፍነውታል፣ የቤንዚን ጋኑ ዝጓል፣ ፍሬኑ ደርቋል። ጋኑን አውርዶ ጠጠርና ነጭ ጋዝ ጨመረበትና እኔና ልጅህ ትርሲት ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስናንከባልለው ዋልን። እሱ ሰሙን በሙቅ ውሃ እያለሰለሰ ሲፍቅ፣ እንዲህ የሚጣፍጥ ሞተር ከፍቼ አላውቅም ይል ነበር።

ቀጥሎ ቤንዚን ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ኩፖን የሚሰጠው ለሚንቀሳቀስ መኪና ብቻ ነው አለኝ። ያለ ቤንዚን በምን ትንቀሳቀስ ብዬ ብጠይቀው መመሪያ ነው አለ። የዕድራችንን ሰዎች ጠራሁ፣ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ አሰለፍኩ፣ መኪናዋን ገፍተን ወስደን የቀበሌው በር ላይ ገተርናት። ጓድ፣ ይኸው ተንቀሳቀሰች አልኩት። ስብሰባ ላይ የነበሩት ሁሉ ወጥተው ሳቁ፤ እሱም ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። ኩፖኔን ይዤ ተመለስኩ። አንተ ብትኖር ኖሮ መሬት ላይ ተንከባልለህ ትስቅ ነበር።

መንዳቱን ማን እንዳስተማረኝ መቼም አልረሳህም። ኳስ ሜዳው ላይ ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን ርገጪ! እያልክ ጉሮሮህ እስኪዘጋ ትጮህብኝ ነበር። አንድ ቀን በግኜ መሃል ሜዳ ላይ አንተንም መኪናዋንም ጥዬ በእግሬ ቤት ገባሁ። ይቅርታ ማለት ሞት ስለሚመስልህ ሙዝ ገዝተህ መጣህ። የምታስተምረኝ እሁድ እሁድ ስለነበር፣ ቤንዚን ይቆጠብ ተብሎ እሁድ መኪና መንዳት ሲከለከል ትምህርቱም እዚያው ላይ ቀረ። የቀረኝን ከድር አስጨረሰኝ፤ ተፈትኜም መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ። ከድር አንድም ቀን አልጮኸብኝም፤ መሪውን ይዤ ጩኸትህ ናፈቀኝ።

ቀኑ ደርሶ ጋሼ ንዳ ጋቢያቸውን አጣፍተው አጠገቤ ተቀመጡ። ባትሪዋ ሞቶ ስለነበር ከድር የማስነሻ ብረቱን፣ ማኖቬላውን፣ ከፊቷ ሰክቶ አዙሮ አስነሳልንና ሁለታችን ወጣን። እስከ ጎሬው ዳገት ድረስ እንደ ሙሽራ ነው የሄደችው። ዳገቱ ግማሽ ላይ ስንደርስ መንተፋተፍ ጀመረች፤ ከዚያ ጸጥ። ጋሼ ንዳ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ በቃ ብርቄ፣ ሞክረሻል አሉኝ። በሐዘኔታ ነው ያሉት፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

ያኔ አንተ ታየኸኝ። እዚያው ዳገት ላይ ፀሐይ በከረረ ጊዜ ኮፈኑን ከፍተህ፣ እርጥብ ጨርቅ የቤንዚን ፓምፑ ላይ ጠቅልለህ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ስታፏጭ። ሞቋት ነው እንጂ አልተበላሸችም፣ ትንሽ ትረፍ ትለኝ ነበር። ውሃውን የማቀብልህ እኔ ነበርኩ። ሻሼን ፈታሁ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ምንጭ ነክሬ ፓምፑ ላይ ጠቀለልኩትና ጥላ ሥር ቁጭ አልኩ። ማፏጨት ስለማልችል አንጎራጎርኩ። ጋሼ ንዳ ግራ ገብቷቸው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ስትቀዘቅዝ ማኖቬላውን ሰክቼ ባዞራት እምቢ፤ ደግሜ ባዞራት እምቢ። ስምህን ጠርቼ ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳዞራት ጓ ብላ ተነሳች። ጎሬ ስገባ ክላክስ ያልነፋሁበት በር የለም።

ጋሼ ንዳ ወርደው ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ልክ እንደ ይርጋ ክላክስ ታበዣለሽ አሉኝ። በሳምንቱ ማር ቋጠርኩላቸውና ብቻቸውን ወደ አገር ተመለሱ።

እኛ ይኸው እዚሁ ነን። ትርሲት ስድስተኛ ክፍል አለፈች፤ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው። ታናሽ ወንድሟ አረማመዱ አንተን ነው፤ ከኋላው ሳየው አንዳንዴ ልጠራህ እደርሳለሁ። ሱቁን ከሰዓት በኋላ እከፍታለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እነዳለሁ። ደህና ነኝ ይርጋዬ። ይህን የምልህ ልሸነግልህ አይደለም፣ እውነቴን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ባለፈው የገበያ ቀን ሁሩሙ መግቢያ ላይ ጆንያቸውን ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩኝ፣ የብርቄ መኪና መጣች! ተባባሉ። ድሮ የይርጋ መኪና ነበር የሚሏት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከእጅህ የቀማሁህ መሰለኝ። ላርማቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ጆንያቸውን ጫንኩ፣ እነሱንም ጫንኩ፣ መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። ለመኪናዋ የፈለጉትን ስም ያውጡላት፤ ሥራዋን ትሥራ እንጂ ግድ የለኝም። እኔን ግን በመቱም በጎሬም እስከ ዛሬ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ሲጠሩኝ ባንተ ስም ነው የሚጠሩኝ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ እሱን ማንም አይቀይረውም።

የይርጋ ሚስት