እንዲቃና የተሠራው መንጠቆ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትከሻሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ካሜራውን በግራ እጅሽ ነው የምትይዢው? እናንተ ዘንድ የኮና ባሕር ሰሞኑን ጸጥ ብሏል ሲሉ ሰምቼ ደስ አለኝ፤ ትንሿ ጀልባሽ ማዕበል እንደማይሆንላት አውቃለሁ። ልጃችንን ኖኤን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሰውነቴ ደህና ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ግን ተዘበራርቆብኛል፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ትናንት ሆኖሉሉ ገባን። ቱናውን የዓሣ ጨረታው ቤት አራግፈን ሳንጨርስ ወሬው ቀድሞን ወደቡን ሞልቶታል። ሰምተሽ ይሆናል፤ ካልሰማሽም ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ከእነዚያ ጥቁሮቹ ከምንላቸው ዓሣ ነባሪዎች አንዷ በእኔ ገመድ ተይዛ፣ መንጠቆው አፏ ውስጥ እንዳለ ሄዳለች። መንግሥት መርከቤ ላይ የመደባት ታዛቢ ዳርላ በዓይኗ አይታለች። የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ይህን ከባድ ጉዳት ነው ብሎ ከቆጠረው የምናጠምድበት ደቡቡ ባሕር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለሁላችንም ይዘጋል። በዓመት የሚፈቀደው ጉዳት አፍ አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር፤ የመጨረሻዋ ጠብታ በእኔ እጅ ሆነች።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ጠዋት ባለብዙ መንጠቆውን ረጅም ገመድ እየሰበሰብን ነበር። ጥቁሮቹ ቀድመውን በልተው ከየመንጠቆው የሚወጣው የቱና ጭንቅላት ብቻ ነው። ሱገንግን ታውቂው የለ፣ የሠራተኞቼን አለቃ፤ አፉ አያርፍም። አንዱን ጭንቅላት አንጠልጥሎ፣ ካፕቴን፣ እነዚህ ሰዎች በልተው ሲያበቁ አጥንቱን ለኛ ነው የሚተውት፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ቢጋብዙን፣ እያለ ያሾፋል። ስቄም ነበር። ከዚያ አንዱ የመንጠቆ ገመድ ተወጠረና ጥቁር ጀርባ ብቅ አለ። ሱገንግ ወዲያው ጠራኝ፤ ደንቡ ያለ ካፒቴኑ ማንም እንዳይነካው ያዛልና ከመሪው ክፍል ሮጬ ወረድኩ።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ደንቡ ሲረቀቅ አንቺ ከተመራማሪዎቹ ጋር፣ እኔ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ጠረጴዛ ለሁለት ተካፍለን ስንጨቃጨቅ በቃሌ ይዤዋለሁ። መንጠቆው ሆን ተብሎ ከገመዱ ደከም ተደርጎ ነው የተሠራው። ገመዱን ወጥሮ መያዝ፣ መታገሥ ነው፤ እንስሳው በራሱ ጉልበት ሲስብ መንጠቆው ይቃናና ይለቀዋል። የቆረጡለት እንደሆነ ግን መንጠቆውን ከነገመዱ ይዞ ይሄዳል፤ ቀስ በቀስ መብላት ያቅተዋል። እኔ ያኔ ብድግ ብዬ፣ ይህን መንጠቆ የሠራው ሰው ቱና ዘመዱ መሆን አለበት ብዬ ሰዉን አሳቅሁት። አንቺ አልሳቅሽም። ወደ ቤት ስንሄድ መኪና ውስጥ፣ አንተ ነገር ሲከብድህ መያዝ አታውቅበትም፣ መቁረጥ ነው የምታውቀው አልሽኝ። ስለ ገመድ የምታወሪ መስሎኝ ነበር።

ወጥረን ያዝናት። ዳርላ ከጎኔ ቆማ ቪዲዮ እየቀረጸች፣ ካፒቴን ቲየን ይያዟት፣ ጥሩ ነው፣ እንዳይለቋት ትለኛለች። ሱገንግም ከኋላ፣ በርታ ካፕቴን፣ ሊቃና ነው ይላል። እውነትም ሊቃና ነበር መሰለኝ። በዚህ መሃል እንስሳዋ ዞር ስትል የጀርባ ክንፏን አየሁት። ጫፉ በማንኪያ ተቆርሶ የተበላ ይመስላል። ኖኤ ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ከፎቶዎችሽ መሃል መርጣ ማንኪያ ብላ የሰየመቻት ትዝ ትልሻለች? ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፈሻት የነበረችው። ፎቶዋ አሁንም እኔ ቤት አለ። ስትሄጂ ረስተሻት ይሁን ትተሽልኝ እስካሁን አልገባኝም።

ግን ማንኪያ እዚያ ምን ትሠራለች? የደሴቶቹ ጥቁሮች ያን ያህል ርቀው እንደማይወጡ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ምናልባት ሌላ ናት። ክንፉ የተጎዳ ስንት አለ። አይ፣ እሷ ናት። ስጽፍልሽ እሷ ትመስለኛለች፣ ብዕሩን ሳስቀምጥ ደግሞ አይደለችም። ብቻ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ አወጣች፤ በጆሮዬ ሳይሆን በገመዱ በኩል በመዳፌ የሰማሁት መሰለኝ። ከዚያ ቢላዋው እጄ ላይ ነበር፤ ገመዱም ተቆረጠ።

ለዳርላ የሰጠሁት ቃል፣ መንጠቆው ሲለቅ ገመዱ ላይ የታሰረው የእርሳስ ማክበጃ ተስፈንጥሮ የሱገንግን ዓይን እንዳያጠፋው ፈርቼ ነው የሚል ነው። እንዲህ ያለ አደጋ መድረሱን ታውቂያለሽ። ግን ሱገንግ ከመከለያው ኋላ ነበር፣ የራስ ቁሩንም አጥልቋል። ዳርላ ቃሌን እንደተናገርኩት መዘገበችው።

ወደቡ ላይ ያሉት ደግሞ የየራሳቸውን ያወራሉ። ገሚሱ፣ የሚስቱን ደንብ ንቆ ነው የቆረጠው፣ ጎበዝ፣ እያለ ትከሻዬን ይመታል። ገሚሱ ደቡቡን አዘጋህብን ብሎ ሰላምታ ነሥቶኛል። እኔ ከሁለቱም የለሁበትም። አዘንኩላት እንዳልል፣ ያዘነላት ሰው ይዟት መቆየት ነበረበት። ጨከንኩባት እንዳልል፣ ከዚያ ወዲህ ያን ቢላዋ አልነካሁትም። አንቺ ሰውን ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽና ምን እንደነካኝ ካወቅሽ ንገሪኝ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ስንመለስ ሱገንግ ሩዙን እየበላ፣ ካፕቴን፣ ስትቆርጠው ማንን እንደተጣራህ ታውቃለህ? አለኝ። ማንንም አልተጣራሁም አልኩት። ኧረ ተጣርተሃል፣ ሂጂ፣ ሂጂልኝ እያልክ ስም ጠርተህ ነው የጮህከው፣ ሁላችንም ሰምተናል አለኝ። እንግዲያው ማንኪያ ብዬ ይሆናል አልኩት። ማንኪያስ አላልክም፣ ኖኤም አላልክም፣ አለና ሩዙን መብላት ቀጠለ።

ነገ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ሄጄ፣ ማንም ሰው አደጋ ላይ አልነበረም፣ መንጠቆውም ሊቃና ነበር ብዬ እናገራለሁ። ባሕሩ መዘጋቱ ነው፤ ሰዉም ከዚህ በኋላ ያናግረኝ እንደሆነ አላውቅም። ዳርላም ያየችውን ሁሉ እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ። የተጣራሁትን ስም ብቻ እንድትተወው ለመንኳት፤ እዚያ መሥሪያ ቤት አንቺን የማያውቅ የለም።

በጀልባሽ ስትወጪ ማንኪያን ካገኘሻት ከክንፏ በፊት አፏን እይልኝ። ገመድ ተንጠልጥሎባት እንደሆነም፣ ተፍታ ጥላው እንደሆነም ጻፊልኝ። ለኖኤ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ አንቺ የመሰለሽን ንገሪያት፣ የሆነውን ለመንገር ከመረጥሽም አልቀየምሽም።

ባሕሩ ይለዝብልሽ፤ ሞተርሽ መንገድ ላይ አይጥፋብሽ። እግዚአብሔር አንቺንም ልጃችንንም አጥብቆ ይያዝልኝ፤ እኔ አላወቅሁበትም።

የኖኤ አባት