የእትዬ አስካለ መኪና ለምን አልነሳ አለች

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 10፣ 2017። ከሰዓት

ሁለተኛ ክሊፕ ሰበርኩ። ብርድ ላይ የቆየ የመኪና ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ነው። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለዋል፤ እስኪሞቁ ሾፌር ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ፣ ደብተሬ። ያለሁት ዴንቨር ዳር፣ አውሮራ፣ የእትዬ አስካለ አፓርታማ ፓርኪንግ ነው። ዛሬ ኦፍ ነኝ። ዳውንታውን ካለው ፓርኪንግ ጋራዥ፣ ከዚያች ትኬት ከምቆርጥባት ጠባብ ቡዝ ያመለጥኩበት ቀን። በእረፍቴ ደግሞ የሰው መኪና መሪ ስር ተንጋልዬ ዋልኩ፣ እግሬ ውጪ በረዶ ላይ። የኔ እረፍት ይሄ ነው።

ሥራው፦ ካሜራ ፊትና ኋላ፣ የወንበር ማሞቂያ፣ የስልክ ቻርጀር። አምና የእትዬ አስካለን አሮጌ መኪና እዚሁ በቆመችበት ገጭቶ የተሰወረ ሰው አለ። እስካሁን ያንገበግባቸዋል። ስለዚህ አዲሲቱ ጠፍታ ቆማም ካሜራው እንዲቀዳ ይፈልጋሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ። እሺ አልኩ። እምቢ ማለት የት አውቄ።

አንድ ነገር ላንቺ ብቻ። የኤሌክትሪክ መኪና ነክቼ አላውቅም። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ከወለሉ ስር ትልቁ ባትሪ አለ፤ መኪናዋን የሚነዳት እሱ ነው፤ ብርቱካናማ ገመዶቹ አጠገብ አልደርስም። ከፊት ክዳኑ ስር ደግሞ እንደማንኛውም መኪና ትንሽ ባትሪ። መብራቱም፣ ሬዲዮውም፣ አሁን ደግሞ የኔ ካሜራ የሚበሉት ከዚህ ከትንሹ ነው። የካሜራው ሽቦ ላይ አንዲት ማቋረጫ አለች፤ ባትሪው ሲደክም ካሜራውን ታጠፋዋለች። ሌሊቱን ሳይቋረጥ እንዲቀዳ ብዬ፣ እንዳትሠራ ዘጋኋት። ታች ያ ሁሉ ባትሪ ተኝቶ ትንሹን ሳይሞላው ይቀራል? ካሜራ ስንት ይበላል?

እንግልውድ ያለው ባለጋራዥ፣ ደንበኛ ይዘሽ ከመጣሽ የምትሠሪበት አንድ ጥግ እሰጥሻለሁ ብሎኛል። ዴንቨር ውስጥ እትዬ አስካለ የማያውቁት ሹፌር የለም። ይቺ ሥራ ካማረች ቡዟን ቻው እላታለሁ። በቃ፣ ጣቶቼ ሞቁ።

ያው ቀን። ከራት በፊት

አለቀ። ካሜራው በርቷል፣ እትዬ አስካለ አገላብጠው ሳሙኝ።

መሀል ላይ ግን አባ ተክሌ መጡ። የእትዬ አስካለ ብቻ ሳይሆኑ የኔም የንስሐ አባት ናቸው፤ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ። አዲስ መኪና ይባርኩልኝ ተብለው ተጠርተው ነው። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ በውሃ ጠርሙስ ጸበል። ጎማውን ረጩ፣ ክዳኑን ረጩ፣ ከዚያ በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ። እኔ መሪው ስር ያለውን ክዳን ፈትቼ፣ ፊውዞቹ ተገላልጠው፣ ሽቦ በአፌ ይዤ። እዚህ ጋ ኤሌክትሪክ አለ አባ ብላቸው፣ ጠብታ ነው ልጄ አሉ። ስካርፌን ገፍፌ ፊውዞቹ ላይ ጣልኩ። ውሃው አንገቴ ላይ አረፈ፤ በረዶ ነው። ሳቅን፣ ሦስታችንም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 13። ቡዝ ውስጥ

ትኬት፣ በር፣ ትኬት፣ በር። ስልክ። እትዬ አስካለ ናቸው። መኪናዋ ንጋት ላይ አልነሳ አለች። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ፣ በሩም በስንት መከራ ተከፈተ። ማታ ቻርጅ ሙሉ ነበር ይላሉ።

እሳቸው የሚሠሩት ሊትልተን ነው፤ ከአልጋ ብቻቸውን መነሳት የማይችሉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ያስታምማሉ። ሽማግሌው ለሁለት ሰዓት ያህል እንደተኙ ጠበቁ። የቀጠራቸው ኤጀንሲ ደውሎ ተቆጥቷል።

መኪና ጎታቹ መጥቶ በኬብል ሲያስነሳት ተነሳች። ከዚያ ጠየቃቸው፦ ውስጧ ውሃ ገብቶ ነበር? አዎ፣ ጸበል ተረጭታለች አሉት። እኔ ግን የዘጋኋት ማቋረጫ ትዝ አለችኝ፤ አልነገርኳቸውም።

ላይሆን ይችላል። ብርድ ይሆናል። ትንሹ ባትሪ ከመጀመሪያውም የደከመ ይሆናል።

ቡዟ ሦስት እርምጃ ናት። ሦስቱን ስመላለስ ዋልኩ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 16። ጠዋት

ደግሞ ሞተች። እትዬ አስካለ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ። ዘግይተው ደረሱ። አሁን የኤጀንሲው ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ነው፣ አስፈርመዋቸዋል። አንድ ጊዜ ከደገሙ ሥራው የለም።

ወሬው ቤ/ክ ደርሷል። ትላንት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ጸበል ኤሌክትሪክ አቃጠለ ይላል። አንዱ ሹፌር አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ የኔን ካሜራ መቼ ትገጥሚልኛለሽ፣ ብቻ አባ እንዳይሰሙ አለኝ። ሳቅኩ። ለምን እንደምስቅ አላውቅም። ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ፣ ከነስሙ ጻፍኩ። እጄ ጽፎ ሲጨርስ አፈርኩ።

ነገ ኦፍ ነኝ። ሄጄ አያለሁ። የባትሪ መለኪያ ቴስተሬ የት ነው? ቁም ሳጥን፣ አልጋ ስር፣ የሹራብ ሻንጣ። አገኘሁት።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 17። ከእኩለ ቀን እስከ አመሻሽ

እትዬ አስካለ ሥራ ናቸው፤ ቁልፉን ጎረቤት ትተውልኛል። ማንም አያየኝም።

መሪው ስር ያለውን ክዳን ፈታሁ። ደረቅ ነው። ዝገት የለም፣ ነጠብጣብ የለም፣ አቧራው እንኳ አልተነካም። ስካርፌ ሥራውን ሠርቷል። ትንሹን ባትሪ ለካሁ፤ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የካሜራውን ሽቦ ነቀልኩ፤ ከባትሪው የሚፈሰው ኃይል ቆመ። መልሼ ሰካሁ፤ ጀመረ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። አምስት ጊዜ። ሌላ ነገር እንዲናገር እየለመንኩት መሰለኝ።

ትልቁ ባትሪ ትንሹን የሚሞላው መኪናዋ ስትነሳ ነው። ጠፍታ ስትቆም አይሞላውም። ይሄን ለማወቅ ስልኬ ላይ አሥር ደቂቃ በቂ ነበር። ያን ማክሰኞ አሥር ደቂቃ አላጣሁም ነበር። ከጠየቅኩ አታውቅም እንዳልባል ፈራሁ፤ ይሄው ነው።

ማቋረጫዋን መልሳ እንድትሠራ ከፈትኩ። ትንሹን ባትሪ ቻርጅ አደረግኩ። መኪናዋ ተነሳች፣ መብራቷ ቦግ አለ። ክዳኑን ገጥሜ ስጨርስ እትዬ አስካለ ከአውቶቡስ ወርደው፣ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ደረሱ። ስትነሳ አይተው እንባቸው መጣ። ደህና ናት፣ ከእንግዲህ አታስቸግርም አልኳቸው።

«ውሃው ደረቀ ማለት ነው?» አሉኝ።

ጭንቅላቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። አፌን እንኳ አልከፈትኩም። መነቅነቅ ብቻ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 18። ከሰዓት

እረፍት የለኝም፣ ደብተሬ። ምሳዬን ሳልከፍተው መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። መኪናዋ እየሠራች ነው። ይሄ ነው የባሰው። ውሃው ሲደርቅ ዳነች እየተባለ ነው። የኔ ጥገና በአባ ተክሌ ላይ ማስረጃ ሆነ።

መኪናዬን ሥራ ይዤ አልሄድም፤ ሽፍቴ እንዳለቀ ባቡሩን ትቼ በእግሬ ጀመርኩ፤ ከዚያ መልሼ ባቡሩን ያዝኩ። ቤ/ክ ደረስኩ። አባ ተክሌ ለጥምቀት ወንበር እየደረደሩ ነው። ላናግርዎት ፈልጌ ነበር አልኩ። ወንበሩን አስቀምጠው አዩኝ።

«ለጨዋታ ነው ወይስ ለንስሐ?»

አሰብኩ። ይሄን ስጽፍ አልዋሽሽም፤ አሰብኩ። «ለንስሐ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማቋረጫዋን፣ ስካርፌን፣ ቴስተሩን፣ መነቅነቄን። መስቀላቸውን እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ትከሻቸው ዝቅ ሲል አየሁ፤ ከባድ ዕቃ የወረደለት ሰው ትከሻ። ለካ እሳቸውም እውነት እኔ ነኝ ያቃጠልኩት ብለው ሰንብተዋል። ስግደት ሰጡኝ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ። ስለ ራሳቸው አንድ ቃል የለም። ስነሳ ብቻ፦

«ቀኖናሽ ይሄ ነው። ሌላው ያንቺ ፈንታ ነው» አሉ።

መንገድ ላይ ቀለለኝ። ሁለት ፌርማታ ያህል። ከዚያ ተመልሶ መጣ። በንስሐ የሰሙትን አባ ተክሌ ለማንም መናገር አይችሉም። ስማቸውን ለማጥራት እንኳ። ዛሬ አፋቸውን ቆልፌ ወጣሁ።

ይሄንን ከመግባቴ በፊት አውቀው ነበር።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 21። ከጥምቀቱ በኋላ፣ መኪናዬ ውስጥ

ዛሬ እዚህ ጥምቀት ነው፤ ሰው ሥራ ስለሚገባ በቅዳሜ እናደርገዋለን። ፓርኪንግ ሎቱ መሀል ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ፣ ነጭ ልብስ በጃኬት ላይ፣ ፀሐይ ቢኖርም ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ውሃው ተባረከ። አባ ተክሌ መርጨት ጀመሩ። እንደ ዱሮው አይደለም። ዱሮ እየዞሩ፣ እየሳቁ፣ ኋላ የተደበቀውን ሁሉ ፈልገው ነው የሚረጩት። ዛሬ እጃቸው አጠረ። ከፊት ያሉትን ብቻ፣ ቀስ ብለው።

ከሰው መሀል አንዱ፣ ስልካችሁን ደብቁ፣ አባ መጡ አለ። ሳቅ። ሌላው ደግሞ አዲስ መኪናውን ገንዳው አጠገብ ፓርክ አድርጎ ነበር፤ ቁልፉን እያሳየ፣

«አባ፣ የኔን ከሩቁ ይባርኩልኝ» አለ።

ሁሉም ሳቀ። አባ ተክሌም ሳቁ። ከዚያ መርጫውን ለዲያቆኑ ሰጥተው ወደ ኋላ አሉ። እርጥብ እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ። ዓይኔን ከሳቸው ላይ አልነቀልኩም፤ ወደኔ አንድ ጊዜም አላዩም። ዓይናቸው እንኳ እንዳይናገርብኝ እየተጠነቀቁ ነበር።

እትዬ አስካለ አጠገቤ ናቸው። ሰው የኔን መኪና እያነሳ በአባ መቀለዱ ደስ አይለኝም አሉኝ በጆሮዬ። አባ ትላንት ደውለውላቸው ነበር። ስለ ደረሰብሽ እንግልት ይቅር በይኝ ብለዋቸዋል። ትላንት። እኔ ረቡዕ ከነገርኳቸው በኋላ፣ ጥፋቱ የሳቸው እንዳልሆነ እያወቁ።

መጸዳጃ ቤት ነው ብዬ ከሰው መሀል ወጣሁ። ይሄው መኪናዬ ውስጥ ነኝ።

ስሚኝ። እንግልውድ ያለው ጥግ ይቅር። ይሄን የሰማ ሹፌር መኪናውን ለኔ አይሰጥም፤ ልክ ነው፣ እኔም አልሰጥም። ምናልባት ቡዟ ውስጥ አረጃለሁ። ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር እየፈራሁ ነው የምጽፈው። ግን የኚያ ሰውዬ እጅ ሲያጥር እያየሁ ካሜራ ልገጥም አልችልም።

መጀመሪያ ለእትዬ አስካለ። ኤጀንሲያቸው ድረስ አብሬ ሄጄ ጥፋቱ የመኪናዋም የሳቸውም አይደለም፣ የገጠመችው ሴት ነው እላለሁ። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ፣ ምሳ ሳይበተን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሁሉም። በንስሐ አይደለም። በጨዋታም አይደለም። ሰው ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ አባ ተክሌን እስከ መኪናዬ ድረስ እንዲመጡ እለምናቸዋለሁ። የኔ አሮጌ የቤንዚን መኪና አንድም ቀን ጸበል ነክቷት አያውቅም። መሪው ስር ያለውን ክዳን አሁን ፈታሁት፤ ፊውዞቹ ይታያሉ። ስካርፌን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ፤ አላወልቀውም፣ ፊውዞቹን አልሸፍንበትም። ከገንዳው በጠርሙስ ቀድቻለሁ። ሰው ዙሪያውን ቆሞ እያየ፣ እንደ ዱሮው በሙሉ እጃቸው ይርጩት።

እትዬ አስካለ ከአዳራሹ ወጡ። መኪናቸውን ከሩቅ በቁልፉ አስነሷት፤ መብራቷ በራ። ወደኔ ዞረው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እያመሰገኑኝ ነው።

ልወርድ ነው።