ፊቴን ማን አውጣው አለህ?

የኔ ልጅ፣ አንተን የሰጠኝ አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ። ደህና ነን ልልህ ነበር፣ ግን በጣም ተናድጃለሁ! ቅዱስ መጽሐፉን በስልክ ቃሉን እያቀበልከኝ ሳነብና ስትቀዳኝ፣ «እማ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ድምፅሽና ጽሑፉ ብቻ ነው» አላልከኝም? ካሜራ የከፈትኩት አፌን አይተህ እንድታርመኝ ነው እንጂ በቪዲዮ እንድትለቀኝ ነው? ደግሞ ሰው ሁሉ በስልኩ እንዲያወርደው ፈቅደህ! ትናንት አጎትህ በሩን በርግዶ ገብቶ፣ «የወንድሜ ሚስት በየሰዉ ስልክ ትታይ? ቆይ፣ ባልሽ ይምጣ!» ብሎኝ ሄደ። አባትህ ነገ ይመለሳል። አንተ እዛ ሆነህ ስልክ ትነካካለህ፣ ዱላው የሚያርፈው እኔ ጀርባ ላይ ነው! እባክህ የኔ ጌታ፣ ቪዲዮውን ዛሬውኑ አንሳው። ድምፁን ግን እንዳትነካው፤ ፊደል የማታውቀው የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ እናት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስትሰማኝ አይቻለሁ። አምላክ ከክፉ ይሰውርህ።